ጋሽ ኃይለመስቀል ፌስቡክን የከሰሱ ጊዜ

ጅግጅጋ ፍርድ ቤት በር ላይ ዣንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉት ሁሉ እንደ ጋሽ ኃይለመስቀል ያለ ግትር ሰው የለም። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ከዣንጥላቸው ጎን ስለሆነ አሥራ አንድ ዓመት ችያቸዋለሁ። ያለ ግልባጭ የሚወጣ ወረቀት አያውቁም። አንዴ ለባለቤታቸው የጻፉትን የአስቤዛ ዝርዝር እንኳ «ግልባጭ፦ ለልጄ» ብለውበት አይቻለሁ።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ሱዕዲ እያለከለከች መጣች። ሱዕዲ ከጠረፏ ከተማ ከቶጎጫሌ የሚመጣ ልብስ ትሸጣለች፤ ስትናገር ገበያው በሙሉ ይሰማታል። ያን ቀን ግን የነገረችን በሹክሹክታ ነው። የማይታወቅ ሰው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን የሀምዲን ፎቶ ወስዶ በስሟ የፌስቡክ ገጽ ከፍቷል። ሀምዲን መስሎ ለክፍል ጓደኞቿ «ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ» እያለ ይጽፋል።

«ወላሂ ስልኳን ሰብሬዋለሁ! ከቤትም አትወጣም!» አለች።

«ልጅቷ ምን አጠፋች?» አልኳት። ወደ ጋሽ ኃይለመስቀል ዞረች።

«አዴር፣ ለፌስቡክ ይጻፉልኝ» አለቻቸው፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

ጋሽ ኃይለመስቀል ሁለት ገጽ ሞሉ። «በትሕትና አመለክታለሁ» ብለው ዘጉና ለአራት ቢሮ ግልባጭ አደረጉ። አድራሻው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ።

«አንቺ ናዝሬት፣ የፌስቡክ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ስንት ነው?» አሉኝ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ስልኬን አወጣሁ። እዚያ ማመልከቻ እንደማይገባ፣ ከተደረደሩት ምክንያቶች አንዱን መርጦ መንካት ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ የጻፍኩት የት ይግባ?»

«የትም፣ ጋሼ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ምክንያቶቹን ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ አነብላቸው ጀመር። ገና «ይህን ማየት አልፈልግም» ከማለቴ እጃቸውን አነሱ። «እሱን አድርጊ! ክስ ሁልጊዜ ከለዘበው ነው የሚጀመረው፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው።» እኔም ሞኟ ነካሁት። ገጹ ከስልኬ ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ሱዕዲ እልልታዋን አቀለጠችው። አንድ ፌስታል ተምርም አመጣችልን። ጋሽ ኃይለመስቀል ለባለጉዳዩ ሁሉ «ያለ ቀጠሮ ያዘጋሁት መዝገብ!» እያሉ ሲያወሩ ዋሉ።

በማግስቱ ሱዕዲ የጎረቤቷን ስልክ ይዛ ተመለሰች። ገጹ እንዳለ ነው። ለካ እኛ የዘጋነው የእኔን ዓይን ብቻ ኖሯል! ማየት አልፈልግም አልን፣ ለእኔ አላሳየኝም፤ የቀረው ከተማ ግን ያያል። ሰውዬው ከትናንት ወዲህ ለሁለት ሌሎች ልጆች ጽፏል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ኃይለመስቀል እያኘኩ የነበሩትን ተምር ከአፋቸው አወጡ። «አንቀጽ ስተናል» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ልጅ ላይ የተቃጣ ነገር ነው፤ መለዘብ አያስፈልገውም። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።»

ከጎረቤቷ ስልክ ላይ እያነበብኩ ሌላ ሰው መስሎ መቅረብ የሚለው ላይ ስደርስ «ያዢው!» አሉ። ልጅን ለአደጋ ማጋለጥ የሚለውን ሳሰማቸው ዣንጥላውን ገፍተው ተነሡ። ልነካው ስል ግን ያዙኝ። «መጀመሪያ ማስረጃ! ገጹ ከጠፋ በኋላ ምን ይዘን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን?» የሀምዲ ጓደኞች የተጻፈላቸውን አመጡ፣ አተምኩት፤ ከዚያ ነካሁ። ያ ሁለት ገጽ ማመልከቻም አድራሻው ብቻ ተቀይሮ ወደ ፖሊስ ሄደ። አራቱ ግልባጮች ስላልባከኑ የጋሽ ኃይለመስቀል ደስታ ለጉድ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ገጹ ጠፋ። ከአሥር ሰው ስልክ ላይ አረጋገጥን። ፖሊስም ሰውዬውን ማፈላለጉን ቀጠለ። ሱዕዲ ግን ሀምዲን ከደጃቸው ዳቦ ቤት በቀር የትም አልሰደደቻትም፤ ትምህርት ቤትም ከለከለቻት። «ሰው ያያታል» ትላለች። በጣም አናደደችኝ።

ሐሙስ ዕለት ዳቦ ልትገዛ የተላከች ልጅ ዣንጥላው ሥር ቆመች። ሀምዲ ናት።

«አዴር፣ ማመልከቻ ይጻፉልኝ።»

«ለማን?»

«ለእናቴ።»

ጋሽ ኃይለመስቀል አልሳቁም። አዲስ ወረቀት አውጥተው እሷ እንዳለቻቸው ጻፉ። ሱዕዲ አማርኛ ስለማታነብ ሱቋ ድረስ ሄድን፤ መጋረጃውን አስወርደው ዝቅ ባለ ድምፅ አነበቡላት፦

«ለወይዘሮ ሱዕዲ። ጉዳዩ፦ ወደ ትምህርት ቤት መመለስን ይመለከታል። ፎቶዬን የሰረቀው ሰው ውጭ ይዞራል፤ እኔ ታስሬአለሁ። እናቴ ያጠፋሁት እንደሌለ አምና እንድትለቀኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ግልባጭ አልነበረውም። ሱዕዲ ወረቀቱን ተቀበለች። እንባዋ ወረደ። «የት ልፈርም?» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ልጇን በእጇ ይዛ ትምህርት ቤት ስትወስዳት ድምፅዋ ከገበያው አልፎ እኔ ቤት ድረስ ተሰማኝ።

«እዩዋት! ልጄ ናት! እዩዋት!»