እቴነሽ የቀበረችው እጄ

ይህ የደረሰብኝ ዓምና ክረምት ሊገባ ሲል፣ ነቀምቴ ለሕክምና በሄድኩ ጊዜ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሠፈራ ከወሎ አንገር ጉቲን ከመጣን በኋላ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ሚስቴን በድያታለሁ። ለእሷ መናገር ስለማልችል ለእናንተ እናገራለሁ።

ግራ እጄ የለም። ከሦስት ዓመት በፊት ወፍጮ ቤት ውስጥ የጆንያ አፍ ጨብጬ ስጎትት የሞተሩ ቺንጋ እጅጌዬን ያዘው፤ እጄም አብሮ ገባ። ነቀምቴ ወስደው ከክርኔ በታች ቆረጡት። የተቆረጠውን በጨርቅ ጠቅልለው ለሚስቴ ለእቴነሽ ሰጧት። በእኛ ወግ የሰው አካል አይጣልም፣ ይቀበራል። በመኪና ይዛው ተመልሳ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር ቀበረችው።

ቁስሉ ዳነ። የሌለው እጄ ግን ጆንያውን እንደያዘ፣ እንደጨበጠ ቀረ። ጥፍሮቼ መዳፌን ሲወጉኝ ይሰማኛል። ባየው ባየው ባዶ እጅጌ ነው፤ ሕመሙ ግን እዚያው ነው።

አንድ የአገሬ ሽማግሌ፣ "ጣቱ እንደታጠፈ ተቀብሮ ነው። ካልተዘረጋ ሕመሙ አይተውህም" አለኝ። አመንኩት።

"አንቺ፣ ጣቶቹን ዘርግተሽ ነው የቀበርሽው?" አልኳት እቴነሽን።

"አንድ በአንድ ነው የዘረጋሁት። እንደ ሕፃን እጅ አጥቤ።"

"ታዲያ ለምን ይጨብጣል?"

"እኔ ምን አውቄ! እጁ ያንተ፣ ጠባዩም ያንተ። አንተስ የያዝከውን መቼ ትለቃለህ?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ነዘነዝኳት። ቸኩለሽ ነው፣ ተጸይፈሽው ነው አልኳት። ሲመራት ቄሱን አስፈቅዳ፣ ዶማ ይዛ ሄደች። ጥፍሯ ውስጥ አፈር ገብቶ ተመለሰች።

"አጥንቱን እንደተዘረጋ ነው ያገኘሁት፤ አምስቱም ጣት። መልሼ አፈር አለበስኩት" አለችኝ።

እጄ እንደጨበጠ ነበር። "ዋሽተሻል" አልኳት። ጓዳ ገብታ እጇን ታጠበች። ውሃው ሲፈስ ብዙ ቆየ።

በዓመቱ ጉበቷን ታመመች። አልጋ ላይ ሆና፣ "ያ እጅህ እንዴት ሆነ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እንዳደረግሽው ነው" አልኳት።

በሳምንቱ ሞተች።

ዓምና ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳኝ ልጄ ነቀምቴ ወሰደችኝ። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራ አንዲት የአገሩ ልጅ ጠረጴዛ ላይ መስታወት አቆመች። ጉማጁን እጄን ከመስታወቱ ጀርባ፣ ቀኙን ከፊቱ አስቀመጠችልኝ።

"ምን ትጫወቺብኛለሽ? ኩል ልኳል ነው እንዴ የመጣሁት?" አልኳት።

"አባ ኮ፣ ኢላላ" አለች፤ አባቴ፣ ይመልከቱ ማለቷ ነው። "ሁለቱንም እጅዎን ይጨብጡ። አሁን ቀስ እያሉ ይክፈቷቸው። ዓይንዎን ከመስታወቱ እንዳያነሱ።"

ቀኜን ከፈትኩ። መስታወቱ ውስጥ ግራዬ ተከፈተ። እግዜር ያውቃል፣ መጀመሪያ አውራ ጣቴ ላላ፣ ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ጥፍሮቼ ከመዳፌ ተነቀሉ። መዳፌን አየር ነካው።

"ይኼ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው?"

"አእምሮ እጅ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሆነ የሚያውቀው በሚሰማውና በሚያየው ነው። ከእጅዎ ወሬ ሲቀርበት የመጨረሻውን ይዞ ቀረ፤ ጭብጡን። አሁን ዓይንዎ እጁ ተከፍቷል ሲለው አመነ።"

"ከአቀባበሩ ጋር አይገናኝም?"

"ከምን አቀባበር?" አለችኝ።

አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ መስሏት ሶፍት ሰጠችኝ።

አሁን ከእቴነሽ ሣጥን የፀጉሯን መስታወት አውጥቼ በየጠዋቱ ያንኑ አደርጋለሁ። እጄ ይከፈታል፤ ሕመሙም ቀንሷል። መቃብሯ ከዚያ አጥር አይርቅም። ሄጄ "አልዋሸሽም" ብያታለሁ። ማን ይሰማኛል?

አንዳንድ ቀን ታዲያ መስታወቱን አላወጣም። ልጄ ፊቴን አይታ፣ "አባዬ፣ ምነው ራስህን ታሠቃያለህ? ላምጣልህ?" ትለኛለች።

"ተይው፣ ዛሬ እንደጨበጠ ይዋል" እላታለሁ።