የእትዬ ኮርኒስ

ሠፈሩ «ይድረቅ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ቀለም ሲቀባ ከአፉ ያልተለየ ቃል ነውና፤ ግድግዳው ይድረቅ፣ ስቱኮው ይድረቅ፣ የመጀመሪያው እጅ ቀለም ይድረቅ። ሰሚ ግን የለም። ሰፊው ሕዝብ ሻጋታ ላይ ነጭ ቀለም ሲደርብ ንጽሕናን ያወጀ ይመስለዋል። የታፈነ እርጥበት አዋጅ አይሰማም፤ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ጠዋት ሳሙና የተቀባ ራስ ላይ ይረግፋል። ያኔ ጥፋተኛው ማን ነው? ቀለም ቀቢው።

ይህንን ለምዶታል። የከበደው የእትዬ ነው። እትዬ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተው ታላቅ ወንድሙ ሚስት ናት። ከሻወሯ በላይ ያለውን ኮርኒስ፣ ቶሎ በል እያለችው፣ ሁለት ጊዜ ቀብቶላት ሁለት ጊዜ ተላጠ። አሁን ደግሞ እትዬ የምትኖርበት ሕንፃ አሥራ ሁለት መታጠቢያ ቤቶች ሊታደሱ ነው፤ ሥራው ለማን እንደሚሰጥ የነዋሪዎች ኮሚቴ እሑድ ይወስናል። ቧንቧ ሲፈነዳ መጀመሪያ ስብሰባ ጠርተው ባልዲ ከስብሰባው በኋላ የሚፈልጉት የኮሚቴው ጀግኖች ተራ በተራ መጥተው ኮርኒሱን አንጋጠው አይተው ከንፈራቸውን መጠው ሄደዋል። የገዛ ወንድሙን ቤት እንዲህ ያደረገ የባዳውን ምን ሊያደርገው ነው፣ ተባለ። የይድረቅ ጉልበት መሰላል ላይ መክዳት ጀምሯል። ይህ ሥራ ካመለጠው ሌላ ትልቅ ሥራ የሚሰጠው የለም።

ሦስተኛውን ቅብ እንደ ሕጉ ጀመረ። ያበጠውን በስፓቱላ እስከ ሲሚንቶው ፋቀ፣ ሻጋታውን በበረኪና አጠበ፣ እትዬንም ከነልጆቿ ጎረቤት ቤት ታጠቡ አላቸው። ከዚያ መዳፍ የሚያህል ላስቲክ ኮርኒሱ ላይ ዳር ዳሩን በፕላስተር አጣብቆ አሳደረው። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ላብ ካለ ኮርኒሱ ገና አልደረቀም፤ መቀባት የለም። የእትዬ ኮርኒስ ማንም ሳይታጠብበት አምስት ቀን ሙሉ አላበው።

በስድስተኛው ቀን ደክሞት፣ ሌላ የሚሞክረው ሲያጣ፣ የአየር መውጫውን ክዳን ፈታ። ውስጡ ቡናማ ሹራብ ተጠቅጥቋል። የወንድሙ ነው። ታሞ በነበረበት ክረምት ብርድ ገባብኝ ብሎ ራሱ ወትፎት ይሆናል። ይድረቅ እጅጌውን ይዞ ሊስብ ሲል እትዬ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተወው» አለችው።

«እትዬ፣ ይሄ እዚህ እያለ ቀለም አይይዝም። እንፋሎቱ በየት ይውጣ?»

«ልብሱን ሁሉ ዘመድ ተካፍሎታል። በገዛ እጁ እንዳስቀመጠው የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። አንተ ቀለምህን ቀባ።»

«እሑድ ሲጠይቁሽስ ምን ልትያቸው ነው?»

«ተላጠ እላለኋ። አልተላጠም እንዴ?»

ከመሰላሉ አንድ ደረጃ ወርዶ ቁጭ አለ። ሹራቡን ቢያወጣው ስሙ ይተርፋል፤ ሠላሳ ዓመት የለፋበት ስም ነው። ሲቆይ ተነሣና ክዳኑን መልሶ አሰረው።

እሑድ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራርጎ የኮርኒሱን ጉዳይ አነሣ። እትዬ አንገቷን ደፍታ ጣቷን ታፍተለትላለች። ይድረቅ ምክንያቱን ቢናገር አሥራ ሁለት አባወራ ሹራብ ሊያይ መሰላል ሥር እንደሚሰለፍ፣ ሳይመሽም አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ጎትቶ እንደሚያወጣው ያውቃል።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ።

ሥራው አሥራ ሁለቱንም በሳምንት እጨርሳለሁ ላለ ጎረምሳ ተሰጠ። ተጨበጨበ።

ሰኞ ይድረቅ እርጥቡ ኮርኒስ ላይ ሁለት ስስ እጅ ቀባ፤ እያወቀ እንዲህ ሲሠራ የመጀመሪያው ነው። እትዬ የመሰላሉን እግር ይዛለት ነበር። ስትታጠቡ በሩን ገርበብ አድርጉት፣ ስትጨርሱም ግድግዳውን በጨርቅ ጥረጉት አላት። እስከ ክረምት ይቆይ ይሆናል። ከዚያ በላይ ቃል አልገባላትም፤ እሷም አልጠየቀችው።