የመመለሻ ቀን የሌለው ዲስክ

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት በሞላት ሰሞን በፖስታ የቪዲዮ ጌም ከሚያከራዩ ድርጅቶች አንዱን እንድንመርጥ ጠየቀችኝ። አሠራሩ ቀላል ነው። በየወሩ እየከፈልክ ትመዘገባለህ፣ የምትፈልጋቸውን ጌሞች በተራ ትደረድራለህ፣ እነሱ ዲስኩን በፖስታ ይልኩልሃል፣ ተጫውተህ ስትመልሰው ቀጣዩ ይመጣል። ልጄ ይህን ሁሉ ባንድ ከሰዓት በኋላ አጥንታ ጨርሳ ነበር። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ዕቃ ስመርጥ ሰው አይቅረበኝ። አንድ ድስት ለመግዛት አምስት ሱቅ የምዞር ሰው ነኝ። ሚስቴ "መራጭ ይወድቃል ከምራጭ" እያለች ትተርትብኛለች፤ እኔ ደግሞ ሳላገላብጥ ከምቆጭ አገላብጬ ልቆጭ እላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ካልጋሪ መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን ወዳለው ሥራዬ በባቡር ስሄድ የድርጅቶቹን ገጽ ስልኬ ላይ እየከፈትኩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ሳይቀር አነባለሁ። አንዱን ድርጅት ረግሞ የጻፈ ሰው ካገኘሁ፣ ሰውየው ሌላ ምን ምን ረግሞ እንደጻፈ ፈልጌ አያለሁ፤ ተራጋሚ ከሆነ ቃሉን አልቀበለውም። ለምን ዳውንሎድ አታደርጉም የሚለኝም አልጠፋም። ማጫወቻችን ከሰው እጅ የገዛነው አሮጌ ነው፤ ሁለት ጌም ሲጫንበት ጢም ይላል። ደግሞም እኔ በእጄ የማልይዘውን ነገር ተከራየሁ ማለት አይዋጥልኝም።

በመጨረሻ ሁለት ድርጅቶች ቀሩ። የመጀመሪያው ለእያንዳንዱ ዲስክ ሦስት ሳምንት ይሰጣል፤ ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ መመለስ ግድ ነው። ሁለተኛው የመመለሻ ቀን የለውም፤ ዲስኩ እስክትጠግበው ቤትህ ይቀመጣል፣ ብቻ እሱን ሳትመልስ ሌላ አይላክልህም። ለእኔ ይህ ምርጫም አልነበረም። አዲስ አበባ በልጅነቴ መታወቂያ እያስያዝን የቪዲዮ ካሴት የምንከራይበት ቤት ነበር። በማግስቱ ካልመለስን ባለቤቱ ሰፈር ሁሉ እየሰማ ያዋርደን ነበር። ከዚያ ወዲህ የመመለሻ ቀን የሚባል ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

ልጄ ግን የመጀመሪያውን ነበር የፈለገችው።

"አባዬ፣ ዲው ዴት ካለው እንጨርሰዋለን። ከሌለው አንተ ነገ፣ ነገ ትላለህ።"

"ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" አልኳትና ሳቅኩባት። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት "ዋው፣ አባዬ" አለች። ሁለተኛውን መረጥኩ፤ በምርጫዬም ለብዙ ቀን ስኮራ ከረምኩ። አሁን ሳስበው በዚያ ቤት ውስጥ እኔን በደንብ የምታውቀኝ እሷ ነበረች።

ጌሙን እሷ ብቻዋን የምትጫወተው አልነበረም፤ ከእኔ ጋር ልትጫወት ነው የፈለገችው። ሚስቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የከሰዓት ሺፍት ትሠራለች። እኔ አሥር ሰዓት ላይ እገባለሁ። ከዚያ እስከ እራት ያለውን ጊዜ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ወሬያችን ደግሞ አጭር ነው። ትምህርት እንዴት ነበር? ጉድ፣ ትላለች በእንግሊዝኛ። ምን ተማራችሁ? ናቲንግ። የእሷ አማርኛ የልቧን ለመናገር አይበቃትም፤ የእኔ እንግሊዝኛ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሶፋው ላይ በየጥጋችን ተቀምጠን ስልካችንን እናያለን።

እኛ ባለንበት ሰፈር፣ በስካይቪው ራንች፣ ፖስታ በየቤቱ አይታደልም። የመንደሩ ሰው ሳጥኖች መንገዱ ጥግ ላይ ባንድነት ቆመዋል። ልጄ የሳጥናችንን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ "እንሂድ፣ እንሂድ" ትለኛለች። በብርዱ ቁልፉ አልዞር ሲል እኔ በትንፋሼ አሞቀዋለሁ፣ እሷ ቆማ እየዘለለች ትጠብቃለች። ፖስታው የመጣ ቀን ደረቷ ላይ አጣብቃው ቤት ድረስ በበረዶ ላይ ሮጠች፤ እኔም ሮጥኩ።

ጌሙ የጀልባ ጌም ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው አራት ወንዞችን አቋርጠው ባሕር ይደርሳሉ። አንዱ የግራውን መቅዘፊያ ይይዛል፣ ሌላው የቀኙን። አንድ ሰው ብቻውን ከቀዘፈ ጀልባዋ ባለችበት ትሽከረከራለች። እኔ የግራው ነበርኩ። ጆይስቲክ ይዤ አላውቅም፣ ጣቶቼ ወፍራም ናቸው፣ ድንጋይ ሁሉ እኔን ይጠራኛል። "አባዬ! ግራ! የቱ ጋ ነው ግራህ!" እያለች ትጮህብኛለች። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጮኾብኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የማታውቃቸውን የአማርኛ ቃላት ማወቅ ጀመረች፤ ቅዘፍ፣ ቶሎ በል፣ አይዞህ። ሁለተኛውን ወንዝ ልንጨርስ ስንል ትልቅ ፏፏቴ አለ። አራት ቀን ሞክረን አልሆነልንም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናልፈዋለን ተባባልን።

በዚያ እሁድ እንግዳ መጣ። ካልጋሪ ስንገባ ኤርፖርት የተቀበሉን፣ ከቤታቸው ሥር ባለው ቤዝመንት ያኖሩን፣ እኔንም ሥራ ያስገቡኝ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘዋል። ልጅቷ ጀልባ የተሳለበትን የዲስኩን ሽፋን ካየች በኋላ ከእጇ አልለቅ አለች። ሊሄዱ ሲነሱ ታቅፋው አለቀሰች።

"አስቀምጪ! የሰው ዕቃ ነው!" አሏት።

"ኧረ ጋሼ፣ ትውሰደው!"

"አይሆንም። የልጅህ ነው፣ ተው።"

"በሞቴ ጋሼ! በሞቴ ትውሰደው። እኛ እኮ ጨርሰነዋል።"

ልጄ በጠራ አማርኛ "አልጨረስንም እኮ" አለች።

ገላመጥኳት። እንግዳ ፊት እንዲህ አይባልም የሚል ግልምጫ ነው። አንገቷን ደፋች። ዲስኩ ማጫወቻው ውስጥ ስለነበር ሄጄ አወጣሁት፣ ሽፋኑ ውስጥ አድርጌ በሁለት እጄ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ወገቤንም ጎንበስ አድርጌ ነበር። የራሴ ባልሆነ ዕቃ ለጋስ ሆኜ፣ ልጄ ፊት በሐሰት፣ ደስ ብሎኝ ሸኘኋቸው።

በሩ ሲዘጋ ልጄ "የኛ እንኳን አይደለም" አለችኝ።

"ይመልሱታል።"

"መቼ?"

"ምን አስቸኮለሽ? የመመለሻ ቀን የለውም" አልኳት። ያን ስል አፌን በያዘኝ።

ጋሼ ሬድስቶን ነው የሚኖሩት፤ በመኪና አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ስልክ እደውልላቸዋለሁ። ጤናቸውን እጠይቃለሁ፣ የጉልበታቸውን ሕመም እጠይቃለሁ፣ አገር ቤት ያሉትን እህታቸውን እጠይቃለሁ፣ ዲስኩን ግን አልጠይቅም። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ቤታቸውን የሰጡኝን ሰው፣ ለሕፃን ልጅ የሰጠሁትን መጫወቻ መልሱልኝ ልበላቸው? ልጄ "ጀስት ቴክስት አድርግላቸው" ትለኛለች። ለጋሼ ቴክስት! አንድ ቅዳሜ ቆርጬ ተነሳሁ፤ ዛሬ ሳልጠይቅ አልመለስም ብዬ ሬድስቶን ሄድኩ። ምሳ አበሉኝ፣ ስወጣ "ለልጅህ" ብለው አንድ ፌስታል ቆሎ አሸከሙኝ። ልጄ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችኝ። ፌስታሉን አየች፣ እኔን አየች፣ ገባች።

ያን ጊዜ ነው የመረጥኩት ምርጫ የገባኝ። ያኛውን ድርጅት ብመርጥ ኖሮ ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ "ጋሼ፣ ድርጅቱ ጨቀጨቀኝ፣ ምን ላድርግ" ብዬ በፈረንጅ አሳብቤ እገላገል ነበር። እሳቸውም "ውይ፣ በል ቶሎ ውሰድ" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ምንም የማያስገድደኝን መረጥኩ፤ ለካስ እኔ ካላስገደዱኝ አፌን የማልከፍት ሰው ነኝ።

ልጄ ሌላ መላ አመጣች።

"ለድርጅቱ ጠፋብን በላቸው። ሌላ ይልካሉ።"

"ያልጠፋን ዕቃ ጠፋ ልበል? በእኔ ቤት ውሸት አይነገርም!"

"ለጋሼ ግን ጨርሰነዋል አልክ።"

ጮኽኩባት። ለትልቅ ሰው መልስ አይሰጥም አልኩ፣ እንደ ፈረንጅ ልጆች ሆነሻል አልኩ፣ ክፍልሽ ግቢ አልኩ። እውነቱን ስለተናገረች ነው የተቆጣኋት። ይህን ያኔም አውቅ ነበር፤ ግን ደረጃውን ወጥቼ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ዲስኩን አላነሳችብኝም። እኔም ነገ እላለሁ፤ ጋሼን ነገ እጠይቃለሁ፣ ነገ ለድርጅቱ እጽፋለሁ፤ የወር ክፍያው ግን አንድም ወር አልቀረም። በረዶው ሄደ፣ ሌላ በረዶ መጣ። ልጄ የትምህርት ቤቱ የቮሊቦል ቡድን ውስጥ ገባች፣ ጓደኞች አፈራች፣ ድምጿም ቁመቷም ተለወጠ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የፖስታ ሳጥኑን ቁልፍ ከነክሩ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። መቼ እንደሰቀለችው አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ ፖስታ የማመጣው እኔ ነኝ፤ ማስታወቂያና ቢል እንጂ ሌላ አይመጣም።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ጋሼ ደወሉ።

"ልጄ፣ ያ የጀልባ ነገር የእናንተ አይደል? ቤት ልንቀይር ስናሰናዳ ሳጥን ውስጥ አየሁት።"

"አዎ ጋሼ፣ ምንም አይደል..."

"ልጅቷ በማግስቱ ነው የተወችው። እኛ ቤት እኮ ማጫወቻውም የለም! ልመልስልህ ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ። በሞቴ ብለህ የሰጠኸኝን መመለስ ቅር ያሰኝሃል ብዬ ተውኩት። ታዲያ አንተስ ለምን አትጠይቀኝም?"

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ላለመጠየቅ፣ እሳቸው ላለመመለስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከባበርን።

በዚያው ቀን ሄጄ አመጣሁት። ማጫወቻውን አቧራውን ጠርጌ ዲስኩን ከተትኩት። ማጫወቻው የቆምንበትን አልረሳም፤ ጀልባዋ ፏፏቴው አፋፍ ላይ ቆማለች። ከታች ሁለተኛው ተጫዋች እንዲገባ የሚጠይቅ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል።

"ነይ እስቲ፣ ምን እንደመጣ እዪ!" ብዬ ተጣራሁ።

ከላይ ከጓደኞቿ ጋር በስልክ ስታወራ ይሰማኝ ነበር። ሳቋ ቆመ። ወርዳ ስክሪኑን አየችና "ኦ፣ ያ ጌም" አለች። ቁጭ አለች፣ ጆይስቲኩን አነሳች። ጀመርን። ወዲያው በተሳሳተ አቅጣጫ ቀዝፌ ጀልባዋን ከድንጋይ ጋር አላተምኳት። ጩኸቷን ጠበቅኩ። ለሁለት ዓመት ሰው እንዲጮህብኝ የናፈቅኩ ሰው ነኝ።

"ኢትስ ኦኬ፣ ጥሩ ነው አባዬ" አለችኝ።

በሁለተኛው ሙከራ ፏፏቴውን አለፍነው። የእኔን ስህተት እሷ እያረመች፣ እያባበለች ነው ያሳለፈችኝ። "ናይስ" አለችና ፈገግ አለች። ከጭኗ ሥር ያደረገችው ስልክ ይንቀጠቀጣል፤ አላየችውም። ጀርባዋን ቀና አድርጋ ነው የተቀመጠችው፣ ሰው ቤት የሄደች ያህል።

"ጓደኞችሽ ይፈልጉሻል መሰለኝ።"

"ኖ፣ ኖ፣ ደስ ይላል። እንጫወት።"

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የእኔ ነው። ጋሼ ቤት ጠግቤ ሳለ ሲጨምሩልኝ "አይ፣ ይጣፍጣል" የምልበት ድምፅ ነው። ይህች ልጅ ከእኛ ወግ ምንም አልያዘችም እያልኩ ለሰው ሳማርር ኖሬያለሁ። ለካስ ይሉኝታን ከእኔው ተምራ እኔኑ በእንግዳ ወግ እያስተናገደችኝ ነው።

ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"በቃ፣ ጨርሰናል። ሂጂ" አልኳት።

ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። የሚቀሩን ሁለት ወንዞች ካርታው ላይ እስከ ባሕሩ በሰማያዊ ተዘርግተው ይታያሉ። ከዚያ እኔን አየች። ግንባሬን ሳመችኝ፣ ስልኳን ይዛ ደረጃውን ወጣች። አልጨረስንም አላለችም።