ደህና ነኝ ባዩ ሰርቨር

የዓይን ሆስፒታሉ ሰዎች «እሜት ሰርቨር» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ኮምፒውተሮቹ በሚያጉረመርሙበት ጠባብ ክፍል በር ዘግታ ስለምትውል ነው። እሷም አልጠላችውም፤ ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ እሜት ነኝ» እያለች ትቀልድበታለች። ሥራዋ ሰርቨሩን፣ የሆስፒታሉን መዝገብ የያዘውን ዋና ኮምፒውተር፣ መጠበቅ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ ማንም ሳያዘው በየማለዳው የሚሠራቸው ሥራዎች አሉት። ዋነኛው የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ለሚጠባበቁ ሰዎች «ተራዎ ደርሷል፣ ነገ ይምጡ» የሚል መልእክት በስልካቸው መላክ ነው።

ሥራ በጀመረችበት ሰሞን፣ ሰርቨሩ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ኢሜይል እንዲጽፍላት አድርጋው ነበር። የኢሜይሉ ርዕስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደህና ነው»። ምን ዋጋ አለው! ሥራው ቢሳካም «ደህና ነው»፣ መንገድ ላይ ቢቀርም «ደህና ነው»። የእኛው ሰው ሆኖ አረፈው። እኛስ ብንሆን ወገባችን ተሰብሮ እንኳ «እንዴት ናችሁ?» ሲሉን «ደህና፣ ተመስገን» አይደል የምንለው? ኢሜይሉም ከመብዛቱ የተነሳ እሜት ሰርቨር ማንበቡን ከተወችው ከራርማለች።

አንድ ማለዳ የቀዶ ክፍሉ ሲስተር በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ ሰዎቹ የታሉ?»

«የትኞቹ ሰዎች ሲስተር?»

«በሽተኞቹ ናቸዋ! ትናንት ማንም አልመጣ፣ ዛሬም ማንም የለ። ለዓይን ሞራ ቀዶ የመጡት እንግዳ ሐኪም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ነገ ሰው ካልመጣ ወደ ሌላ ሆስፒታል እሄዳለሁ ብለዋል። እሳቸው ከሄዱ ደግሞ ተመልሰው የሚመጡበትን እግዜር ነው የሚያውቀው። ያ ሁሉ ሰው ዓይኑ እንደጠፋ ሊቀር ነው!»

እሜት ሰርቨር ክው አለች። ኢሜይሏን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች «ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው» ብቻ ነው።

«ውሸታም!» አለችው ሰርቨሩን። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ያስተማርኩህስ እኔው አይደለሁ» ብላ ወንበሯን ሳበች።

እልህ ያዛት። እልህ የያዘው ሰው ደግሞ ምሳም ትዝ አይለው። «ደህና ነው» የሚለውን መስመር ከነሥሩ ነቅላ ጣለችው። ከእንግዲህ ሥራው ከተሳካ ዝም ይበል፤ ከተሰናከለ ግን ይጩኽ። ሲጮኽም «ተበላሸ» ብቻ ብሎ አያስደንግጣት። የትኛው ሥራ እንደቆመ በርዕሱ ይናገር፣ ከመቆሙ በፊት ያለውን የመጨረሻ ቃል ደግሞ ከሥሩ ይጻፍ። ቆይ፣ ሰርቨሩ ራሱ ቢሞትስ ማን ይጮኻል? ጥግ ላይ አቧራ የጠጣች አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረች። እሷን አስነስታ ጎረቤት አደረገችለት፤ ማለዳ ማለዳ ድምፁን ካልሰማች ቶሎ እንድትናገርበት።

ከዚያ ለሙከራ አንድ ሥራ ሆን ብላ አበላሸች። ስልኳ ጮኸ።

«መጣ! ሲስተር፣ መጣ!» ብላ ከወንበሯ ዘለለች። ወሬ ልትጠይቅ የተመለሰችው ሲስተርም ምን እንደመጣ ሳታውቅ አብራ አጨበጨበች። የብልሽት ወሬ ሰምቶ እንዲህ የሚፈነድቅ ሰው በዕድሜዋ አይታ አታውቅም።

«አሁን ዋናውን!» አለችና የቀጠሮውን ሥራ አስነሳችው። ወዲያው ሌላ ኢሜይል ገባ። ርዕሱ «የቀጠሮ መልእክት ቆሟል» ይላል። ከሥሩ «የመጀመሪያውን ስልክ ቁጥር ማንበብ አልቻልኩም፤ ከዚህ በኋላ ላሉት ሁሉ አልተላከም» ይልና ቁጥሩ ይከተላል። ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ ደግሞ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አደራ፣ እዚህ የምትሠራው ልጃቸው እንዳትሰማ።»

ሲስተር በሳቅ ፈረሰች። «ይቺ የካርድ ክፍሏ ናት! አንጀቷ አይችልም፤ የነገሯትን ሁሉ ትጽፋለች።»

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ቁጥር ብቻ በሚገባበት ቦታ አደራ ገብቶ፣ ሰርቨሩ አደራውን ቁጥር ነው ብሎ ሊያነብ ሲታገል እዚያው ቀርቷል። ከኋላ የተሰለፈውም ሰው ሁሉ አብሮ ቀርቷል።

እሜት ሰርቨር ግን አልሳቀችም። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት የምትደውልበት ነው። የአባቷ ስልክ ነው።

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። በቀደም ቤታቸው ሄዳ «እስቲ ክሩን መርፌው ውስጥ አስገቢልኝ፣ አምፖሉ ደክሞ ነው» ሲሏት፣ ሮጣ ወጥታ አምፖል ገዝታ ቀይራላቸው ነበር። አምፖል! ግንባሯን በመዳፏ መታች።

አደራውን ከቁጥሩ ለየችው። ለወደፊቱም የአንዱ ስህተት ሌላውን እንዳያስቀር አስተካከለችና ሥራውን እንደገና አስነሳችው። ሰርቨሩ ዝም አለ። እንደዚያ ዓይነት ደስ የሚል ዝምታ ሰምታ አታውቅም። ወዲያው ስልኳን አንስታ ደወለች።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን።»

«ሰርቨሩም እንዲሁ ነበር የሚለኝ።»

«ማነው እሱ ደግሞ?»

«አባዬ፣ ዓይንህ እንዴት ነው?»

ከወዲያ በኩል ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ቆመ።

«አላይም ልጄ» አሉ። «ሥራሽን ጥለሽ እኔን ስትመሪ እንዳትውዪ ብዬ ነው፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ። አሁን ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ገብቷል፤ ጎረቤት ጠርቼ ላስነብብ ስል ነው የደወልሽው።»

«እኔ ላንብብልህ። ‹ተራዎ ደርሷል፣ ነገ ይምጡ› ነው የሚለው።» እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

በማግስቱ በኮሪደሩ ጠጠር መጣያ ጠፋ። እንግዳው ሐኪም ቀና የሚሉበት ጊዜ አጡ። ሲስተር ከወዲያ ወዲህ እየተሯሯጠች ተራ ስታስይዝ ልብስ ሰፊው ዘንድ ስትደርስ ቆም አለች።

«አባት፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ የኔ ልጅ። ኮምፒውተር ያሳብቅብኛል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።»

ከቀዶው ማግስት ፋሻው በሚነሳበት ሰዓት ልጃቸው ፊት ለፊታቸው ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ከዚያ ክንዷን ይዘው ወደ ብርሃኑ ሳቧትና የሸሚዟን እጅጌ አገላብጠው አዩት።

«ይሄን እጅጌ ማነው እንዲህ አጣሞ የሰፋው? እጁን ይቁረጠው!»

«አንተ ነህ አባዬ፤ ባለፈው ወር።»