የተበሳ ብር

የአክስቴ ተዝካር ትናንት ወጣ። ንዴቴ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

አክስቴ አራዳ ገበያ ቅቤ ሸጠው የሚተርፋቸውን በብር ያስቀምጡ ነበር፤ ያውም በጠገራ ብቻ። አምባር ወይም ድሪ በርካሽ ሲያመጡላቸው፣ «ስገዛ የእጅ ሥራውን ታስከፍሉኛላችሁ፤ ስሸጥ አንጥረኛው የሚያየው ሚዛኑን ብቻ ነው» ይላሉ። ጠገራውንም ቢሆን ዝም ብለው አይቀበሉም። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከቤታቸው ደጃፍ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ። ካላማራቸው «መልሺው» ይሉኛል። ለአንገት ጌጥ የተበሳ ከሆነማ ድንጋዩ ድረስም አያደርሱት፤ ገበያ ላይ የተበሳ ብር በሙሉ ዋጋ የሚቀበል የለምና። «ቀዳዳውን ማን ይገዛኛል?» ይላሉ።

ትናንት የአጎቴ ሚስት ጠገራ በአንገቷ ደርድራ ተዝካሩ ላይ መጣች። የአክስቴ ብሮች ናቸው። ወራሹ አጎቴ አንጥረኛ ዘንድ ወስደው አንድ ሳያስቀሩ አስበስተዋቸዋል።

«ምን ማድረግዎ ነው?» አልኳቸው።

«ሳጥን ውስጥ ከሚቀመጥ ሰው ይየው ብዬ ነው። ለእህቴም ክብሯ ነው» አሉኝ።

ክብር። አክስቴ ዕድሜ ልካቸውን ሲመልሱት የኖሩትን ነገር በተዝካራቸው ቀን አንጠልጥሎ መምጣት ክብር ተባለ።

እንግዳው ሲበተን አንዱን ከክሩ አስፈትቼ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ጣልኩት። እንደ ደህናው ብር አልጮኸም። አንስቼ ወደ አክስቴ መቀመጫ ዞርኩ።

«መልሺው» የሚለኝ የለም።