የዘይነባ ጣቶች

ባለፈው ቅዳሜ ሮቤ ገበያ ውስጥ አንዲት ከገሰራ የመጣች ሴት የቅቤዋን ክዳን ስትከፍት ሽታው እግሬን ያዘኝ። ሰው ለጋ ቅቤ ሲሸተው ገንፎ ያምረዋል፤ እኔን ግን ትዝ የሚለኝ ኪዩብ ነው። ታላቅ እህቴ ዘይነባ ያን ባለ ስድስት ቀለም መጫወቻ እንዲፈጥንላት ፈታታ ውስጡን ቅቤ ትቀባው ነበር፤ በባሌ ብርድ ደግሞ ቅቤው ጠዋት ጠዋት ስለሚረጋ ትምህርት ቤት እስክትደርስ ብብቷ ውስጥ ይዛ ታሞቀዋለች። ጓደኞቿ «ኪዩብሽ ሙሽራ ሙሽራ ይሸታል» ብለው ሲስቁባት፣ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ስድስቱንም ገጽ በየቀለሙ ገጥማ ታስቀምጥላቸው ነበር።

የሮቤን ልጆች አሸነፈች፣ የጎባዎቹንም አሸነፈች፤ በመጨረሻም አዲስ አበባ ሄዳ ከየአገሩ የመጣውን ሁሉ አሸንፋ ዋንጫ ይዛ ተመለሰች። አባቴ ዋንጫውን ሱቁ ውስጥ ከስኳሩና ከሳሙናው መሃል አስቀመጠው፤ ዋጋውን የሚጠይቅ ገበያተኛ በመጣ ቁጥር የጀመረውን ስኳር መመዘን ትቶ የልጁን ገድል ከመነሻው ይተርካል። ለሚቀጥለው ውድድር ስትዘጋጅ ሰዓት የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ዛሬም ባዶ ቤት ስገባ ይሰማኛል።

ከዚያ ጣቶቿ አበጡ። እናቴ «ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄን፣ ይሄ ጠማማ ነገር እጅሽን በላው!» ብላ ኪዩቡን ቀምታ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ጉልበቷም አብጦ ነበር፤ እሱን ብርድ ነው አልን። ብዙም ሳይቆይ እብጠቱ ሲጎድል እናቴ «አልሐምዱሊላህ፣ አላልኳችሁም?» አለች፤ ሁላችንም አመንን። ዘይነባ አልተከራከረችም። ሰው እያዋራት ግን ጣቶቿ ጭኗ ላይ ባዶውን ያሽከረክሩ ነበር፤ ያን ሳይ ያኔም እፈራ ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

በዓመቱ የቤታችንን ዳገት መውጣት አቃታት። ጎባ ወሰድናት። ሐኪሙ ደረቷን ብዙ ካዳመጠ በኋላ ጉሮሮዋን ወይ መገጣጠሚያዋን አሟት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ ፊቷ በራ።

«ጣቷን አሟት ነበር ዶክተር፣ ድናለች። መጫወቻውን ቀማናት።»

ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። በቀስታ አስረዳን፤ ጥፋቱ የመጫወቻው አልነበረም። በሽታው ከጉሮሮ ይነሳል፣ መገጣጠሚያ ለመገጣጠሚያ ይዞራል፣ መገጣጠሚያውን ሲለቅ ልብ ላይ ይቀራል።

ቤት እንደገባን እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳጥኑን ከፍታ ኪዩቡን እጇ ላይ አኖረችላት። ዘይነባ ሁለቴ አዞረችውና ትንፋሽ አጠራት። «ይቆይ እማ፣ ሲሻለኝ» ብላ መለሰችላት። አልተሻላትም።

ዛሬ ልጆቼ ጉሮሮዬን ካሉ ሥራዬን ጥዬ ሐኪም ዘንድ ስሮጥ ጎረቤት ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። እናቴን የወቀሳት የለም። «አጀሏ ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው» ትላለች እሷም። እኔም ኪዩቡን ብንተውላት ትድን ነበር አልልም። ግን የቀራት ያ አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ እሱንም ቀማናት።