ለከርሞ የታጠፈው ቀሚሴ

ልጅ እያለሁ ነሐሴ ተጋምሶ ጳጉሜ ሲቃረብ ጅማ ላይ ዝናቡ ያባራል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። የሚጠበቀው ልብስ ሰፊ ነበር። በከተማችን መርካቶ ውስጥ በየበረንዳው የስፌት መኪናው ከጠዋት ጀምሮ ይንጣጣል፤ እናቶች ጭቃውን እየዘለሉ፣ የዩኒፎርም ጨርቅ በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ስር ወሽቀው ይመጣሉ። የኛ ልብስ ሰፊ ጋሽ ጀማል በረንዳቸው ከጀንፈል መጋዘን ጋር ግድግዳ ይጋራ ስለነበር፣ ልብሳችን ገና ሳንለብሰው ያልተፈለፈለ ቡና ቡና ይሸት ነበር። ዛሬም አዲስ ጨርቅ በእጄ ስይዝ አፍንጫዬ ያንን ሽታ ይፈልጋል።

እናቴና ጎረቤታችን አዴ ሉባባ ጨርቁን የሚገዙት አብረው ነው። የአዴ ሉባባ ልጅ ዘሃራና እኔ እኩዮች ነበርን፤ በክፍልም በቁመትም አንበላለጥም። ስለዚህ ጋሽ ጀማል አንዳችንን ለክተው ለሁለታችንም ይሰፋሉ። የምትለካው እኔ ልሁን እኔ ልሁን እያልን ስንጣላ እናቶቻችን በሁለት ቋንቋ ይቆጡን ነበር።

ልኬ የሚባል ነገር ደግሞ በኛ ጊዜ አልነበረም። «ታድግበታለች» ይባልና የቀሚሱ ጫፍ ሦስት አራት ጣት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ከርሞ ይፈታል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ትንሽ ይፈታል። የዘመኔ ሰው ያስታውሳል፤ መስከረም ላይ ሁላችንም የታላቆቻችንን ልብስ ሰርቀን የወጣን እንመስል ነበር።

አራተኛ ክፍል ልገባ በነበረበት ክረምት ጊቤ በረሃ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ወባ ይዤ ተመለስኩ። ክኒኑን ስውጥ ትኩሳቱ ይለቀኛል፤ ዳነች ሲባል ተመልሶ ይነሳብኛል። የበላሁት አይረጋልኝም። እግሬ ከመቅጠኑ የተነሳ ዘሃራ ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር በብርድ ልብሱ እሸፍነው ነበር። እሷ ግን ስለ አዲሱ አስተማሪ፣ ስለ አዲሱ ደብተር ስታወራልኝ ትውላለች፤ እኔ የምሰማው ግማሹን ነው።

የጨርቁ ነገር ሲነሳ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ዝቅ ይል ጀመር። አክስቴ መጀመሪያ ትነሳ አለች። አባቴም ምን ያስቸኩላል፣ ትምህርት ቤቱ የትም አይሄድ ብሎ ከሷ ጋር ወገነ። ለተኛ ልጅ አዲስ ልብስ ማሰፋት ሟርት መስሏቸው እንደነበር የገባኝ አድጌ ነው። አዴ ሉባባ ሽማግሌ ሆነው መሃል ገቡ፤ ዘሃራን ይለኳትና እንደ ሁልጊዜው ሁለት ይስፉ፣ ልጅቷንም ከድካም እናተርፋታለን አሉ። እናቴ ግን በጄ አላለችም። የኔ ልጅ በራሷ ቁመት ትለካ ብላ፣ ጃንጥላ ይዛ ሄዳ ጋሽ ጀማልን ከነሜትራቸው ቤት ድረስ ይዛቸው መጣች።

እናቴ በብብቴ ደግፋ አቆመችኝ። የጋሽ ጀማል ሜትር ከዝናቡ የመጣ ነውና ይቀዘቅዛል። ወገቤን ለኩ፤ ያላመኑት ይመስል ደግመው ለኩ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብለው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ እንዳልሰማ ብለው ነው። ቀኑን ሙሉ ከዘሃራ ጋር በኦሮምኛ ስትጫወት፣ ስትሰዳደብና ስትታረቅ የኖረችን ልጅ! ትልልቅ ሰዎች አንዳንዴ ይገርሙኛል።

የጠየቁት፣ ጫፉን ለከርሞ ልጠፈው ወይስ ዘንድሮ በሚሆናት ቁመት ልቁረጠው ነበር። ክፋት አስበው አልነበረም፤ የእናቴን ፊት አይተው ሊያግዟት ፈልገው ነው። እኔ ግን የተጠየቀው ስለ ጨርቅ እንዳልሆነ በዚያ እድሜዬም ገብቶኛል። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት።

እናቴ ኦሮምኛዋ ለገበያ ያህል ነው፤ ቢሆንም ለዚህ ጥያቄ መልስ አያንሳትም ነበር። የመለሰችው ግን በአማርኛ፣ ጮክ ብላ ነው።

«አራት ጣት ይተዉላት፣ ጋሽ ጀማል። ለከርሞም ከዚያ ወዲያም ትለብሰዋለች።»

«ኢንሻአላህ» አሉና ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ መለሱ።

ትምህርት ሲከፈት አልተነሳሁም። ዘሃራ ብቻዋን ሄደች፤ የኔ ቀሚስ ከአልጋዬ ትይዩ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዝናቡ ሲተውና ፀሐይ ደጅ መቀመጥ ስጀምር እናቴ በከሰል ካውያ ተኩሳ አለበሰችኝ። ቀሚሱ ቁርጭምጭሚቴ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ክፍል ስገባ ሳቁብኝ፤ ዘሃራ ሁለቱን በጥፊ አለችልኝ። ያን ቀሚስ ስድስተኛ ክፍል እስክጨርስ ለበስኩት። ጫፉ በተፈታ ቁጥር ፀሐይ ያላየው ሰማያዊ ከስር ብቅ ይል ነበር፤ ሌላው ሲያፍርበት እኔ እኮራበት ነበር።

ዛሬ የልጄን ዩኒፎርም እዚሁ ጅማ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ተሰፍቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ በላስቲክ እንደታሸገ እገዛላታለሁ። በልኳ ነው፤ ታምርበታለች። በየዓመቱ ሌላ ይገዛል። በቀደም እናቴን፣ ያን ቀን እንደምድን በምን አወቅሽ አልኳት። አርጅታለች፣ አንዳንዱን ነገር ትረሳለች፤ ይህን ግን አልረሳችም።

«ምኑን አውቄው» አለችኝ። «ፈርቼ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ሳለቅስ ነው ያደርኩት። አንቺ ዓይን ዓይኔን ስታዪኝ ጊዜ ነው እንዲያ ያልኩት።»

ልጄ አጠገባችን ሆና የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ታሰናዳ ነበር። የዛሬ ሱቅ እናቶችን ያንን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ተመስገን ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ልጄም ቀና ብላ እያየችኝ፣ እንደ እናቴ ጮክ ብዬ እመልስ እንደነበር አላውቅም።